ቤት ያዘለች መኪና

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል ባለፈው ሰሞን የተቀበልነው ከዚህ ቀደም ያልተጠየቅነውን ነገር ይጠይቀናል። ጸሓፊው የሦስት ልጆች አባት ናቸው። በአዲስ አበባ አንዲት አሮጌ ሂሉክስ በሽያጭ ላይ አግኝተዋል፤ አራቱም እግሯ የሚነዳ፣ በስተኋላዋ ደግሞ የመኝታ ሳጥን የተጫነባት ናት። እርስዋን ገዝተው፣ አሳድሰውና ለዋውጠው፣ ልጆቻቸውን አገር ለማሳየት አስበዋልና ምን እንደምንመክራቸው ይጠይቃሉ። አዲስ ማስመጣት እንደማይቻላቸው ራሳቸው ጽፈዋል፤ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በ2016 ዓ.ም. ተነግሯልና፣ ያለው ምርጫ ቀድሞ ከገባው አሮጌ መምረጥ ነው።

እኛ መካኒክ አይደለንም፤ ቀኑን ሙሉ በወረቀት መካከል የምንውል ሰዎች ነን። ዳሩ ግን በካርቱም ከተማ በዐማራት ሰፈር በኖርንባቸው ዓመታት እንዲህ ያለች አንዲት መኪና ከጎረቤታችን ግቢ ገብታ ስትፈታና ስትገጠም ሰባት ወር ሙሉ ተመልክተናል። እንዲያውም ቡሎን እንድናቀብል እየተጠራን እጃችን በግራሶ የጨቀየበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ዐማራት የሚለውን ስም የሰማ የአገራችን ሰው ብዙውን ጊዜ ከአማራ ጋር ያያይዘዋል። የሆነ ሆኖ ቃሉ በዐረብኛ «ሕንፃዎች» ማለት ነው። ሰፈሩ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተምዕራብ የተዘረጋ፣ ጐዳናዎቹ ከስም ይልቅ በቍጥር የሚጠሩበት፣ የኤምባሲና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይበዙበት የነበረ ሥፍራ ነው። አጠገቡ ባለው ደይምም የአገራችን ሰዎች ከኤርትራውያን ወንድሞቻችን ጋር ቡና የሚጠጡባቸው ቤቶች ነበሩ።

ወዳጃችን የዐድዋ ተወላጅ ናቸው። እናታቸውን ካዩ ስድስት ዓመት አልፎአቸው ነበር፤ አሮጊቷ ደግሞ አውሮፕላን አይሳፈሩም፣ የልጅ ልጆቻቸውንም በፎቶግራፍ ብቻ ነበር የሚያውቋቸው። ወዳጃችን በ2009 ዓ.ም. ያችን ሂሉክስ የገዙት በዚህ ምክንያት ነበር። ባለ ሁለት ጋቢና ናት፤ ሞተርዋ 2.8 ሊትር ናፍታ፣ ተርቦ የሌለው፤ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ የቆመች። ቶዮታ ይህን ስም የያዘ መኪና እ.ኤ.አ. በ1968 ማውጣት ጀምሮ በአራት እግር የሚነዳውን ዐይነት ለገበያ ያቀረበው በ1979 ገደማ ነው። ሱዳኖች እንዲህ ያለውን ትንሽ የጭነት መኪና «ቦክስ» ይሉታል። የወዳጃችን ቦክስ ከጃፓን በባሕረ ሰላጤው ወደቦች በኩል የመጣች ነበረች፤ ባለ መኝታውም ሳጥን በዚያው በመንገድ ላይ የተጫነባት ይመስላል።

መለወጥ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መጨመርን ነው፤ ወዳጃችንም እንዲሁ አሰቡ። ከፊት የብረት መከላከያና መጎተቻ ገመድ፣ ከላይ ፖርቶመጋላ፣ በላዩ ላይ ስድስት መብራት፣ ሁለት ትርፍ ጐማ፣ የውሃ ታንክ፣ ትርፍ ናፍታ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሁለተኛ ባትሪ። ወረቀት ላይ ሲጽፉት እንደ ልጅ ፊታቸው ይበራ ነበር። ባለቤታቸው በአንድ ሆስፒታል መድኃኒት የሚቀምሙ ሴት ናቸውና ነገርን ሁሉ ሳይመዝኑ አያምኑም። ወረቀቱን ወስደው በየዕቃው ጐን ክብደቱን ጻፉበት። ሳጥኑ ከነእንጨቱና ከነላሜራው 420 ኪሎ፤ ውሃው 120 ሊትር ስለሆነ 120 ኪሎ፤ 80 ሊትር ናፍታ 67 ኪሎ ያህል፤ ማቀዝቀዣ፣ ባትሪና ምድጃ 70፤ ሁለቱ ጐማ ከነክሪኩና ከነመፍቻው 90፤ ፖርቶመጋላው 60፤ መከላከያና መጎተቻው 95፤ አምስቱ የቤት ሰው 255፤ ልብስ፣ ምግብና መኝታ 120። ድምሩ 1297 ኪሎ ሆነ። የዚህ መኪና ዐቅም አንድ ቶን ያህል ነው ይባላል፤ ባለ ሁለት ጋቢናው ግን ከዚያም ያንሳል፣ ያውም ሰው ተቈጥሮ ነው።

«ባሌስትራ እንጨምርበታለን» አሉ ባል።

«ባሌስትራ ብትጨምርበት አትጐብጥም ይሆናል። ፍሬኗስ? አክሰሏስ? ጐማዋስ?» አሉ ሚስት።

በዚህ ክርክር መካከል ነበር ሐጂ የተጠሩት። ሐጂ በካርቱም የኢንዱስትሪ ሰፈር አርባ ዓመት ያህል ብረት የቀጠቀጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጅነታቸውን በቤድፎርድ ሎሪዎች ሥር አሳልፈውታል። ስለ እነዚህ ሎሪዎች ጥቂት መናገር ይገባናል። ከእንግሊዝ አገር የመጣው ቤድፎርድ በሱዳን አሸዋና ጥቁር አፈር ላይ እንደመጣ ሊሠራ አይችልም ነበር። ስለዚህ የአገሩ አንጥረኞችና አናጢዎች ሻንሲውን አጠነከሩት፣ ባሌስትራውን ደራረቡት፣ አካሉን በራሳቸው ልክ እንደ አዲስ ሠሩት። በጀርመን አገር የባይሮይት ዩኒቨርሲቲው የሰው ልጅ ጥናት ሊቅ ኩርት ቤክ ይህን ጥበብ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጠው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመውታል። በአስመራና በአዲስ አበባ ጋራዦች ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እያልን በጣልያን ቃል የምንጠራውን ሁሉ ሐጂ በራሳቸው ስም ይጠሩታል፤ ሥራው ግን አንድ ነው።

ሐጂ በመጀመሪያው ቀን መብራቱንም ፖርቶመጋላውንም አላዩም። ከመኪናዪቱ ሥር በጀርባቸው ገብተው ብዙ ቆዩና ወዳጃችንን ጠሩ። መኪናዪቱ ከጃፓን ስትወጣ መሪዋ በቀኝ ነበረ። በሱዳን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ፣ በእኛም አገር ከ1964 ጀምሮ መኪና የሚሄደው በቀኝ ስለሆነ መሪው በግራ መሆን አለበት፤ ስለዚህ አንድ የማናውቀው ጋራዥ ወደ ግራ አዙሮታል። አዙሮ ግን የመሪውን ዘንግ ቈርጦ በብየዳ ቀጥሎታል! የመሪውም ሳጥን ሻንሲው ላይ የተያዘው በቡሎን ሳይሆን በብየዳ ጠብታ ነበር። ሐጂ በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታ መታ ቢያደርጉት ብየዳው ስንጥቅ አሳየ። ወዳጃችን ከዚያች መኪና ልጆቻቸውን ይዘው ሁለት ጊዜ እስከ ጀበል አውልያ ወርደው ነበር። የዚያን ዕለት ማታ እራት አልበሉም።

በዚህ ነገር ላይ የምንቆየው በምክንያት ነው። ደብዳቤ ጸሓፊው የሚገዟት መኪናም መሪዋ የተዞረ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያስመርምሩ። ትክክለኛው መንገድ ከመጀመሪያው በግራ ከተሠራ ተመሳሳይ መኪና የመሪውን ሳጥን፣ ዘንጉንና ማያያዣውን ሁሉ አውጥቶ በቡሎን መግጠም ነው። ወዳጃችን ይህን ከአንዲት ከተገለበጠች ሂሉክስ አገኙ፤ ዋጋው ለመብራትና ለመጎተቻ የተቀመጠውን ገንዘብ በላው። ወይዘሮዪቱ አላዘኑም።

ቀጥሎ ሳጥኑ መጣ። የትንሽ ጭነት መኪና ሻንሲ በድንጋያማ መንገድ ላይ እንደ እባብ ይጣመማል፤ እንዲጣመምም ሆኖ ነው የተሠራው። በላዩ ላይ የማይጣመም ሳጥን በአራቱም ማዕዘን ቢታሰር፣ ወይ ሳጥኑ ይሰነጠቃል ወይ ሻንሲው ከጋቢናው ኋላ ይሰበራል። ኡኒሞግ የተባለው የጀርመን መኪና ይህን የሚፈታው ሳጥኑን በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ በማሳረፍና ነጥቦቹን እንዲዞሩ በማድረግ ነው። ሐጂ ኡኒሞግ ነድተው አያውቁም፤ ነገር ግን ከኋላ ሁለት ጽኑ ማሰሪያ፣ ከፊት አንድ መሐል ላይ የሚወዛወዝ ማሰሪያ ሠሩ። ሻንሲውን ከላይና ከታች ጠርዙ አልበሱትም፣ በጐኑ ብቻ እንጂ፤ በሥፋቱም ላይ ብየዳ አላሳለፉበትም። ሳጥኑም ራሱ ወደ ኋላ በጣም ወጥቶ ስለነበር አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል አሳጠሩት። ጭነት ከኋላ አክሰል ወዲያ ባለፈ መጠን የፊት እግሮች ይቀልላሉና መሪው አይታዘዝም። የውሃው ታንክም ከኋላ ተነሥቶ ከጋቢናው ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ባሌስትራውን በተመለከተ ሐጂ አንድ ቅጠል ብቻ ጨመሩ። እንዲህ ሲያደርጉ ብዙ መካኒክ የሚዘነጋውን አንድ ነገር አሳዩን። በሂሉክስ ሥር ከኋላ አክሰል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቧንቧ መቈጣጠሪያ አለ፤ ጭነት ሲበዛና መኪናዪቱ ዝቅ ስትል ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል፣ ባዶ ሆና ከፍ ስትል ይቀንሳል። ባሌስትራ ተጨምሮ መኪናዪቱ ከፍ ስትል መቈጣጠሪያው ይታለላል። ቶን ጭነት ተሸክማ ሳለ ባዶ ናት ብሎ የኋላውን ፍሬን ያደክመዋል። ስለዚህ ዘንጉ በአዲሱ ከፍታ ልክ እንደገና መስተካከል አለበት። ይህ ዐሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ስለ አሸዋም ከተነገረ፣ ከዚያ በረሃ የመኪና ጥበብን የቀሰመውን የእንግሊዝ መኮንን ራልፍ ባኞልድን ማንሣት ግድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1929፣ በ1930 እና በ1932 በተራ ፎርድ መኪናዎች የሊቢያን በረሃ እየሰነጠቀ እስከ ሱዳን ዘልቋል። እርሱም ያደረገው መቀነስ ነበር። የፋብሪካውን አካል አውልቆ በቀላል የእንጨት ሳጥን ተካው፤ ለአሸዋ የጐማውን ንፋስ አጎደለ፤ ከተቀበሩበት ለመውጫ ደግሞ በካይሮ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ያገኘውን የብረት መረማመጃ ተጠቀመ። ራዲያተሩ ሲፈላ የሚወጣውን እንፋሎት በቧንቧ ወደ ውሃ ጣሳ አገባው፤ ሞተሩ ሲበርድ ውሃው ተመልሶ ይጠባል። በዛሬ መኪና ኮፈን ሥር የምናያት የፕላስቲክ ጠርሙስ የምትሠራውም ይህንኑ ነው። ሐጂ ባኞልድን በስም አያውቁትም፤ ሆኖም አንድ ወጣት መካኒክ ለካርቱም ሙቀት ብሎ ቴርሞስታቱን ሊያወጣው ሲል ተቈጥተው መለሱት። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በጎንደር ብርድ በልኩ አይሞቅም፣ ናፍታውንም አጥርቶ አያቃጥልም። በምትኩ ራዲያተሩ ታጠበ፤ የአየር መሳቢያውም ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ አቧራን አዙሮ የሚጥል ማጣሪያ ተገጠመለት። ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በሚነሣበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ማጀቱ እንግባ፤ ይህ ገጽ የቤተሰብ ነውና። ወዳጃችን ምድጃውን ከውስጥ፣ ከአልጋው ትይዩ አድርገው ነበር። ወይዘሮዪቱ ግን እሳት ልጆች በሚተኙበት ክፍል አይገባም ብለው ወሰኑ። ምድጃው በኋላ በር በኩል እንደ መሳቢያ ተስቦ ወጥቶ በውጭ እንዲበስልበት ሆነ። የጋዙ ሲሊንደርም ለብቻው በታተመ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠና ከሥሩ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀዳዳ ተደረገለት፤ የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ በመስኮት አይወጣም። ስለ ቡና ሲሆን ክርክሩ ጠነከረ። አያት የሚጎበኙት ያለ ቡና አይደለም፤ በመንገድ ላይም ጀበና ይጣዳል። ይሁንና የከሰል ምድጃ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ለማሞቂያም ቢሆን፣ ሽታም ቀለምም የሌለውን መርዛም ጋዝ ያወጣልና የተኛ ሰው አይነቃም። በደጋው ብርድ ከሰል ይዘው በተዘጋ ቤት ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ያላወቀ ማን አለ? ስለዚህ የከሰሉ ምድጃ ከመኪናዪቱ ውጭ በመንጠቆ ተንጠለጠለ፤ ከውስጥ ቦታ እንኳ አልተሰጠውም።

በመጨረሻ ወረቀቱ እንደገና ተደመረ። መብራቱ ከስድስት ሁለት ሆነ። መጎተቻው፣ ፖርቶመጋላውና አንደኛው ትርፍ ጐማ ቀረ። የሳጥኑ ከባድ ሳንቃ በስስ ተተካ። ውሃው በመንገድ ላይ ስለሚገኝ ግማሹ ብቻ ይሞላ ተባለ። ይህ ሁሉ ሆኖ ከ850 ኪሎ በታች አልወረደም፤ ወይዘሮዪቱ ግን «እንግዲህ ይሁን» አሉ።

ጉዞው በ2010 ዓ.ም. ጥር ነበር፣ ጥምቀትን በጎንደር ለማክበር። ከካርቱም በመዳኒና በገዳሪፍ አድርገው ገላባት ደረሱ፤ በመተማ የጕምሩክ ጊዜያዊ ፈቃድ ተቀብለው ወደ ላይ ጀመሩ። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ነው፤ ጎንደር ደግሞ ከ2100 ሜትር በላይ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየሺሁ ሜትር ከኀይሉ አንድ ዐሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ መኪናዪቱ ከአይከል በፊት ባለው ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች። ልጆቹ እየወረዱ በእግር እንዳይቀድሟት ፈሩ ብለው ወዳጃችን በኋላ ሲስቁ ነበር።

ፈተናው ከደባርቅ በኋላ መጣ። ሊማሊሞን ያየ ያውቀዋል። ገመድ እንደተጠቀለለ ተራራውን የሚወርደው ያ መንገድ የጭነት መኪና ፍሬን ጠላት ነው። ወዳጃችን በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን እየረገጡና እየለቀቁ ወረዱት። ከአንዱ ኩርባ ላይ ድንጋይ የጫነ መኪና መሐል መንገድ ቆሞ አገኙት። «በሙሉ ኀይሌ ረገጥሁት፤ አራቱም እግሮች እኩል ያዙ፤ ከኋላው ሁለት ክንድ ሲቀር ቆመች» አሉን። የዘንጉን መስተካከል ያን ጊዜ አስበውት እንደሆነ ብንጠይቃቸው፣ ያሰቡት የመሪውን ብየዳ ነበር አሉ።

ዐድዋ ሲደርሱ አሮጊቷ እናት ከደጃፋቸው ወጥተው መኪናዪቱን ዞረው ካዩ በኋላ «ወደይ፣ እንደ ኤሊ ቤትህን አዝለህ መጣህ?» አሏቸው። ትንሿ ልጅ በሳጥኑ ውስጥ አያቷን አስተኝታ አሳደረቻቸው። እኒያ እናት በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ መኪናዪቱ በዐማራት ግቢ ከዛፍ ሥር ቆመች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ጧት በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ስለነበር ዐማራት ከእሳቱ አፍ ላይ ዋለ። መብራትና ውሃ ተቋረጠ። የመኪናዪቱ ታንክ በአጋጣሚ ሙሉ ነበርና ያ 120 ሊትር አራት ቤት ለአምስት ቀን ጠጣ፤ በቡና ሲኒ እየተሰፈረ።

በዘጠነኛው ቀን ለመውጣት ሲወስኑ ብቻቸውን አልነበሩም። አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር፣ በጐዳናው በቤት ሥራ የሚኖሩ ሁለት የአገራችን ሴቶች ልጆች፣ ሕፃን የታቀፈች አንዲት ኤርትራዊት ከባሏ ጋር በግቢው ተሰበሰቡ። ወይዘሮዪቱ የድሮውን ወረቀት ከመሳቢያ አወጡት። ማቀዝቀዣው ወጣ፤ አልጋው ከነሳንቃው ወጣ፤ ቁም ሣጥኑ፣ ምድጃው፣ ሁለተኛው ባትሪ፣ የሳጥኑ ከላይኛ መደርደሪያ ሁሉ በመፍቻ ተፈታ። ሰባት ወር የተለፋበት ዕቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ በግቢው ሣር ላይ ተከመረ። በምትኩ የስምንቱ ሰዎች ስም ተጻፈ፤ ከየስሙም ጐን ክብደት። ወዳጃችን «ሰውን እንደ ሽንኩርት ትመዝኛለሽ?» ቢሏቸው፣ «እንድንደርስ ነው» ብለው አጭር መልስ ሰጡ። የተረፈው ክብደት ውሃና ናፍታ ሆነ። የሰው ሻንጣ አልተጫነም።

አሮጊቷና የልጅ ልጆቻቸው መዳኒ ከዘመዶቻቸው ጋር ቀሩ። የቀሩት በአራተኛው ቀን መተማ ገቡ። የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ዳግም በሱዳን ጦር እጅ ከገባ በኋላ፣ የጐዳናው አንድ ሰው የግቢውን ፎቶግራፍ ላከላቸው። ማቀዝቀዣውም ባትሪውም የለም፤ የአልጋው ሳንቃ ግን ከዛፉ ሥር እንደ ወደቀ ነው።

ለደብዳቤ ጸሓፊው እንግዲህ የምንላቸው ይህ ነው። በሳጥኑ ላይ የሚደረገው ለውጥ ሁሉ በመኪናዪቱ መዝገብ መግባት ስላለበት ለዓመታዊው ምርመራ ከመቅረባቸው በፊት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን ይጠይቁ፤ ቦሎ በሌላት መኪና ልጆች ይዞ መውጣት አይገባም። መሪዋን ከሥር ገብቶ የሚያይ ሰው ይፈልጉ፤ ሻንሲዋንም ከጋቢናው ኋላ በጨርቅ ጠርገው ስንጥቅ እንዳለ ይመልከቱ። ገንዘቡን ከመክፈላቸው በፊት ደግሞ ባዶዋን እንደቆመች፣ ሳጥኗን እንዳዘለች፣ የእህል ነጋዴዎች የጭነት መኪና ከሚመዝኑበት ሚዛን ላይ ያውጧት፤ የፊት እግሯን ለብቻ፣ የኋላዋን ለብቻ። ሁለቱን ቍጥር ከልጆቻቸው ዕድሜ ጋር ጽፈው ቢልኩልን፣ ወይዘሮዪቱ ወረቀቱን አብረውን ሊያዩት ፈቅደዋል።